የድምፅ ዋስ

ከኅዳር ጀምሮ በደብረ ብርሃን ከተማ ያለ ስፒከር ሁሉ የሕጋዊ ሶፍትዌር ማኅተም የሌለው ዘፈን አላጫውትም አለ። አዋጁ ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ ግን አዋጅ መቼም ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ የሚሰማው የለም። የታክሲው ስፒከር ዝም አለ፤ የጠጅ ቤቱም ዝም አለ። አንድ ቅዳሜ የሙሽራ መኪና ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስፒከር ልክ የሙሽሪት ደጅ ሲደርስ ተዘጋና ሚዜዎቹ በጭብጨባ ብቻ እየጨፈሩ ገቡ። የሙሽሪት አባት እስከ ዛሬ ቂም ይዘዋል ይባላል።

ዳምጠው የሰርግ ዘፈን አቀናባሪ ነው። የድሮ ዘፈን ያመጣል፣ ምቱን ይለውጣል፣ የሙሽሮቹን ስም ያስገባል፣ ሪሚክስ አድርጎ ይሰጣል። እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚሠራው ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ በሚዞር፣ ክራክ በሚሉት ሶፍትዌር ነበር። ክራኩን የወረሰው ከአጎቱ ነው፤ አጎቱ ከጓደኛው በፍላሽ ወስዶት ነበር፤ ጓደኛው ከማን እንዳገኘው የሚያውቅ የለም። ያ ሶፍትዌር ማኅተም የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ጥር ሳይገባ፣ ሰርጉ ሳይጀምር፣ ዳምጠው ሌላ መምረጥ ነበረበት። ሚስቱ የሺመቤት የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረም።

«እኔን ስትመርጥ እንኳ ይህን ያህል አልተጨነቅህም» አለችው የሺመቤት፣ ጧት ጫማውን ሲያስር እያየችው።

«አንቺ መቼ ማኅተም ተጠየቅሽ» አላት።

የሶፍትዌር መምረጫው አዳራሽ ከባቡር ጣቢያው ጎን ነው። በፊት የብርድ ልብስ መጋዘን ስለነበር ዝናብ ሲጥል አሁንም ሱፍ ሱፍ ይሸታል። ውስጡ ልብስ ሰፊ ቤት እንዳለው መለኪያ በመጋረጃ በተከፈሉ ጠባብ ክፍሎች የተሞላ ነው። ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ ሶፍትዌሩ ይመጣል። ውጭ ለቆመ ሰው የሚሰማው ጠረጴዛ የሚመታ ጣት፣ አልፎ አልፎም የአንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ነው።

የተቀበለችው ሻጭ ደብሪቱ ትባላለች። ለልጅ የድሮ ስም ማውጣት ተመልሶ የመጣበት ዘመን ነው፤ ደብሪቱ፣ የሺመቤት፣ ዳምጠው የሚባሉት ወጣቶቹ ናቸው። ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ናታን የሚባሉት ደግሞ ከዘራ ይዘው የሚሄዱት። ደብሪቱ ትሑት ልጅ ናት፤ ስትናገር እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ ደንበኛን ከ«ጌታዬ» በታች አትጠራም።

መጀመሪያ «ሊቁ» የሚባለውን አሳየችው። ሊቁ ምንም አላለም። ባዶ ገጽ ነው፤ ያዘዙትን ብቻ ይሠራል፤ ያላዘዙትን አያስብም። ዳምጠው ወደደው። ዋጋውን ሲሰማ ግን ቤቱን ቢሸጥ እንኳ ግማሹን እንደሚገዛ ገባው፤ አመስግኖ ወጣ።

ሁለተኛው «ዳግም» ነበር።

«ሰርግ?» አለ ዳግም።

«አዎ።»

«ደስታ ወይስ በጣም ደስታ?»

«ባቲ ቅኝት አድርገህ፣ ከበሮውን ወደ ኋላ…»

«ደስታ ወይስ በጣም ደስታ?»

ዳግም ርካሽ ነው፤ ግን ከራሱ ጎተራ ሌላ አያውቅም። አንዱ ሰርግ ላይ የሰማኸውን ሌላው ሰርግ ላይ መልሶ ያሰማሃል። ዳምጠው መጋረጃውን ገለጠ።

ሦስተኛው «አብሮ አደግ» ነው። ዳምጠው ሲገባ ሰላምታ አላቀረበለትም። ዝም ብሎ ጠበቀ። ዳምጠው ሐሳብ ሲይዘው ጠረጴዛ በጣቱ መምታት ልማዱ ስለሆነ ሳያስበው መታ። አብሮ አደግ ምቱን ተቀበለው፤ ችክችካ አደረገው፤ ከሥሩ ክራር አስገባ። ጭብጨባው ሊገባ ሲል ደግሞ ከበሮውን ድንገት አወጣና ሰው ትንፋሹን የሚይዝበት ትንሽ ባዶ ቦታ ተወ። ያ ባዶ ቦታ የዳምጠው የራሱ ብልሃት ነው። ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ከዚያ ሶፍትዌሩ አላቆመም፤ ዳምጠው ገና ያልሠራውን፣ ግን አንድ ቀን ቢሠራው የእሱ የሚሆነውን ዜማ ቀድሞት ተጫወተ። ዳምጠው ደስ አለው፤ ፈራም፤ የቱ እንደበለጠበት ግን አልለየም።

«ይኼኛውስ ስንት ነው?» ብሎ ወጣ።

«ነፃ ነው፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ። «ዋስ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ዋስ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን ሰው ማቀዝቀዣ ለመግዛትም፣ የውሃ ቆጣሪ ለማስገባትም፣ ባቡር ላይ የመስኮት ወንበር ለመያዝም ዋስ ይጠራ ነበር።

«የምን ዋስ?»

«የድምፅ። አንድ ሰው መጥቶ ድምፁን አስቀድቶ ይፈርምልዎታል። ሌላው ግዴታ ደግሞ አብሮ አደግን ከሳምንት በላይ ዝም እንዳያሰኙት ነው። በሳምንት አንዴ ይሥሩበት፤ የሠሩትን ሌላ ሰው ይስማው። ብቻዎን ከሰሙት አይቆጠርም።»

«ሳምንት ካለፈስ?»

«ዋሱ ይያዛል።»

«ይያዛል ማለት?»

«ድምፁ ወደኛ ይዞራል።» ደብሪቱ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «የሚጎድል ነገር የለም፣ ጌታዬ። ድምፁ ሰውየው ጋም ይኖራል፣ እኛም ጋ ይኖራል። እስካሁን ቅሬታ ይዞ የመጣ የለም።»

ዳምጠው ዋስ ፍለጋ ወጣ። በአገራችን ዋስ ሁነኝ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው የለም፤ ይሉኝታ አለ። ችግሩ ሌላ ነው፤ አንድ ድምፅ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ዋስ የሚሆነው፣ የሰዉ ድምፅ ደግሞ ሁሉ ተይዟል። ወንድሙ ለሥራ ባልደረባው ምድጃ ፈርሟል። ጓደኛው ለአለቃው መኪና ፈርሟል። የሚስቱ አጎት ለማን እንደፈረሙ እንኳ ረስተዋል፤ ሰውየው ሲጠይቃቸው አፈሩና ፈረሙ፤ አለቀ።

ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው እትዬ ሶልያና ይህን ሰምተው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ዳምጠው እናቱ ስትሞት ገና ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያበሉትም፣ የገረፉትም፣ ትምህርት ቤት የወሰዱትም እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ዳምጠው የሚያስበው እሳቸውን ነው።

«እኔ እያለሁልህ ዋስ ፍለጋ ምን ያንከራትትሃል?» አሉት።

አዳራሹ ድረስ በታክሲ ወሰዳቸው። መቅጃው ጥቂት ካስነበባቸው በኋላ «ድምፅዎ አርጅቷል፤ ዋስ ሊሆን አይችልም» አለ። እትዬ ሶልያና ከልባቸው ሳቁ።

«ድሮ ይህን ድምፅ ሰምቶ ያልዞረ ጎረምሳ አልነበረም እኮ» አሉት መቅጃውን። «ለነገሩ አንተ ምን ታውቃለህ።»

ስለዚህ የሺመቤት ፈረመች። ከሰዓቱን በሙሉ መጋረጃው ውስጥ ተቀምጣ አነበበች፣ ቆጠረች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ ተቆጣች፣ አባበለች። «አሁን ያልቅሱ» ሲላት ማልቀስ አቅቷት ሳቀች፤ መቅጃው ለሳቁም አመሰገናት። ስትወጣ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር።

«ምን ያህል ወሬ እንዳለኝ ዛሬ ነው ያወቅሁት» አለችው ለባሏ።

ጥር እንደ ጉድ አለፈ። የዳምጠው ሪሚክስ የሌለበት ሰርግ ሰርግ አልመስል አለ። አብሮ አደግ ሐሳቡን ከመጨረሱ በፊት ይጨርስለታል፤ አንዳንዴ ዳምጠው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ዘፈኑ አልቆ፣ ማኅተም ተመትቶ ይጠብቀዋል። የሙሽሮቹን ስም የነገረው መቼ እንደሆነ አያስታውስም። አንድ ሰርግ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ማንም ሳይመራው ትከሻውን በአንድ ቅጽበት ሲሰብቅ አይቶ ክራሩን ቀነስ አደረገው። ሰዎቹ ግን ደስ ብሏቸዋል። እሱም ደስ ይበለው እንጂ ምን ያደርጋል።

ሁዳዴ ገባ፤ ሰርግ ቆመ። አብሮ አደግ ግን ጾም አያውቅም። በየሳምንቱ እሑድ የሺመቤት ሆዷን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ዳምጠው አንድ በገና ቢጤ ያቀናብራል፣ እሷ ሰምታ «ተሰምቷል» ትላለች። የከተማው አቀናባሪ ሁሉ ቤት ይኸው ነበር። «ላሟን አልበናት እንደር» ትለዋለች የሺመቤት፣ እሑድ በደረሰ ቁጥር።

ፋሲካ አልፎ ሰርጉ ሲመለስ፣ ዳምጠው የእሑድ ሰርግ አጫውቶ በገባ ማግስት እትዬ ሶልያና አረፉ። ጧት ከግድግዳው ወዲያ ከዘራቸው ሳይሰማ ሲቀር የሺመቤት ነበረች ሄዳ ያየቻቸው። ዳምጠው ሰው ፊት አያለቅስም የሚባል ነበር። ያን ቀን ግን እንደ ልጅ አለቀሰ።

ድንኳን ተተከለ። ልጃቸው ኤልዳና ከጅጅጋ መጣች፤ እሷም ራሷ ባልቴት ናት። እንደ ወጉ የሩቅ ለቀስተኛ የሚያርፈው ጎረቤት ቤት ስለሆነ የዳምጠው ቤት በፍራሽ ሞላ። ኤልዳና የሺመቤት አልጋ ላይ ተኛች። ሙሾ አውራጇ ድንኳኑ ውስጥ ስትጀምር፣ ሴቶቹም ሲቀበሏት፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው የዳምጠው ማሽን መብራቱን አበራ።

«ከግድግዳው ወዲያ ብዙ ሰው እሰማለሁ» አለ አብሮ አደግ ቀስ ብሎ። «ጥሩ ድምፅ አለ። ላቀናብረው?»

ዳምጠው ጋቢውን አውልቆ ማሽኑን ሸፈነው።

ጎረቤት ሞቶ ዘፈን መክፈት በዚያ ሰፈር ነውር ነው። ባቡሩ ተለውጧል፣ መንገዱ ተለውጧል፣ የሰዉም ስም ተለውጧል፤ ይህ ግን አልተለወጠም። ሌላ ሰፈር ሠልስት ሲወጣ ሬዲዮ የሚከፍት አይጠፋም። ግድግዳ የሚጋራ ግን እስከ አርባው ዝም ይላል፤ ያሳደጉት ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ። ዳምጠው ይህን ያውቃል። እሑድ ማታ ሳምንቱ እንደሚሞላም ያውቃል።

ሠልስት በወጣ ማግስት የሺመቤትን ማድ ቤት አገኛት። ለለቀስተኛው ንፍሮ ታማስላለች።

«የሺ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቆጪኝ።»

«እሑድ ነው አይደል?»

«ጓዳ ገብተሽ በጆሮ ማዳመጫ አንዲት ዘፈን ብቻ ብትሰሚልኝ…»

«ኤልዳና አልጋዬ ላይ እያለቀሰች እኔ ጓዳ ገብቼ ዘፈን ልስማ?»

«ማንም አያይሽም።»

«እኔ አያለኋ፣ ዳሜ።» ማማሰያውን አስቀመጠች። «ስወልድ ሊያርሱኝ የነበሩ፣ ገና ሳላገባህ ጀምሮ የሚመክሩኝ እናት በቀደም አፈር ገቡ። ድምፃቸውን ሊሰጡህ አዳራሹ ድረስ ሄደው ነበር፤ አልተቀበሏቸውም። እኔ ለሳቸው ዝም ማለት ያቅተኝ?»

«ድምፅሽን ይይዙታል እኮ።»

«ሻጯ ምን አለች? እኛ ጋም ይኖራል፣ እናንተ ጋም ይኖራል አላለችም? ታዲያ ይያዙት። እንደ ጨው አይሟሟ።»

ዳምጠው ኮራባት። ፈራላትም። ወደ ጓሮ ወጥቶ ደብሪቱ ጋ ደወለ።

«ለቅሶ ላይ ነን፣ እህቴ። እናቴን ነው የቀበርኩት ማለት ይቻላል። እስከ አርባው ድረስ ታገሱኝ።»

«ነፍስ ይማር፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ፤ ከልቧ ነበር። ሲስተሙ ላይ ምክንያቶቹን አገላበጠች። «ሕመም የሚል ምክንያት አለ። ጉዞ የሚል አለ። የመብራት መጥፋት የሚልም አለ። ሐዘን ግን ሲስተሙ ላይ የለም።»

«መብራት ጠፋ ብለሽ ሙዪልኝ።»

«መብራቱ እንዳልጠፋ እሱ ራሱ ያውቃላ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን መሰለዎት፣ እኔም አብሮ አደግ አለኝ። አባቴን የቀበርኩ ዕለት በእኔ በአንድ ጆሮዬ፣ በእህቴም በአንድ ጆሮዋ ዘፈን ነበር። ምን ላድርግ። ነጠላችንን አጣፍተን ሸፈንነው፤ ማንም አላየም።»

ዳምጠው ስልኩን ዘጋ። ደብሪቱን ሊንቃት ፈልጎ አልቻለም፤ አዘነላት።

ቅዳሜ አለፈ። እሑድ ውሎ መሸ። የሺመቤት ከሴቶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ነበረች። ቤት ውስጥ ኤልዳና አልጋው ጠርዝ ላይ አቀርቅራ ተቀምጣለች፤ ዳምጠው በሩ አጠገብ ቆሟል። ጥግ ላይ ጋቢው ሥር መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ኤልዱዬ» አለ ማሽኑ፣ በየሺመቤት ድምፅ።

ዳምጠው ወደ ማሽኑ ዞረ። ቃሉ አልነበረም ያስደነገጠው። «ኤልዱዬ» ሲል ያለው መሰበር፣ ከድካም በኋላ የሚመጣው ትንሹ መሻከር፣ ሁሉም የእሷ ነበር። ኤልዳና ቀና አላለችም።

«አሜን፣ የሺዬ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። አንቺም አረፍ በይ፣ ነፍሰ ጡር አይደለሽ።»

«እሺ፣ አርፋለሁ» አለ ማሽኑ።

ዳምጠው ለኤልዳና አልነገራትም። ሐዘንተኛ ምን ተብሎ ይነገራል? ለየሺመቤት ግን ነገራት። እሷም ጥቂት አሰብ አደረገችና «ቢያንስ ክፉ አልተናገረም» አለች።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ የሰፈሩ ቧንቧ በየሺመቤት ድምፅ ተጣራ፤ «ውሃ መጥቷል፣ ባልዲ አቅርቡ» አለ። ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ሲወጡ «የሺ ዛሬስ በጧት ተነሥታ ቀሰቀሰችን» ብለው ተሳሳቁ፤ እሷም አብራቸው ሳቀች። በሳምንቱ አውቶቡሱ በእሷ ድምፅ ፌርማታ መጥራት ጀመረ። ቀጥሎ ሊፍቱ። ቀጥሎ የባንኩ በር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሰፈሩ ሰው ኩራት ቢጤ ተሰምቶት ነበር፤ «የኛዋ የሺ» ይል ነበር።

ችግሩ የታወቀው ባንክ በራፍ ላይ ነው። የሺመቤት «ክፈት» ስትለው በሩ «ይህ ድምፅ የተያዘ ነው፤ እባክዎ በራስዎ ድምፅ ይናገሩ» አላት፤ በራሷ ድምፅ። ስልኳም እንደዚያው አላት። ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ስትጠይቅ ባለሽንኩርቷ ዓይኗን አንሥታ ግድግዳ ላይ ስፒከር ፈለገች። የሚከለክላት የለም፤ የሚቀጣት የለም። ብቻ በተናገረች ቁጥር ሰው ወደ ሌላ ቦታ ያያል። ቀስ በቀስ በጣቷ ማመልከት ለመደች። ቤት ውስጥም ወሬዋ አጠረ።

ዳምጠው አብሮ አደግን ዘግቶ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ሌላ ሶፍትዌር ልምረጥ፣ ምንም ይሁን ምን ሌላ ልምረጥ አለ። ደብሪቱ ሌላ ከተማ ተዛውራለች አሉት። መጀመሪያው ክፍል ገባ፤ መጋረጃው ተዘጋ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለው ሊቁ በሚስቱ ድምፅ።

ያ ምንም የማይናገረው ሊቁ። ዳምጠው ዘሎ ወጣና ሁለተኛው ክፍል ገባ።

«ደስታ ወይስ በጣም ደስታ?» አለችው ሚስቱ።

ከየመጋረጃው በስተጀርባ፣ ከግራም ከቀኝም፣ የሺመቤት ለማያውቋት ሰዎች በትሕትና ስትናገር ሰማት። ከአንዱ ጋር ትስቃለች። ሳቁን ያውቀዋል። እዚያው ቆሞ «የሺን ምን አደረግኋት?» አለ ለራሱ። መልሶ ግን ተቀመጠ፤ የሚወለድ ልጅ አለ። ዳግምን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ በመጣ ቁጥር «በጣም ደስታ» የሚለውን ይጫናል።

የሺመቤት ሐምሌ ላይ አማጠች። የማዋለጃው አልጋ የሚያናግር ዓይነት ነበር። «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይላታል በራሷ ድምፅ። እሷ ደግሞ በዚያው ድምፅ ትጮኻለች። አዋላጇ አንዴ ቀና ብላ የቱ እንደጮኸ ለመለየት አልጋውንም ሴትዮዋንም አየች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሴት ከሆነች ሶልያና ሊሏት ነበር፤ ወንድ ሆነና መታሰቢያ አሉት።

መታሰቢያ ጤነኛ ልጅ ነው፤ ይጠባል፣ ይተኛል። ሆድ ውስጥ ሳለ ጀምሮ የእናቱን ድምፅ ለምዷል፤ የሰማው ግን በአውቶቡስም፣ በሊፍትም፣ በቧንቧም ነው። ሲያለቅስ የቤቱ በር ተከፍቶ በዚያው ድምፅ «እንደምን ዋላችሁ» ካለ ዝም ይላል። የሺመቤት ደረቷ ላይ አድርጋ ስታናግረው ፊቷን አልፎ ኮርኒሱን ያያል። ዳምጠው ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው አላት። ጎረቤቶቹም እንዲሁ አሏት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጁ ጋር ስትሆን አፏን አትከፍትም ነበር።

የሦስተኛው ክትባት ዕለት ጤና ጣቢያው በእናቶች ተጨናንቆ ነበር። ሕፃናቱ ተራ በተራ ሚዛን ላይ ይተኛሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ይጮኻሉ። ሚዛኑ በየሺመቤት ድምፅ «እሽሽ፣ አለቀ፣ አለቀልህ» ሲል ይረጋጋሉ። ከየሺመቤት አጠገብ የተቀመጠች ወይዘሮ ሴት ልጇን ታቅፋ ሚዛኑን በአገጯ አመለከተች።

«ይቺ ድምፅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር፣ እህት? የኔዋ እኔን ትታ እሷን ነው የምትሰማው። ቤትም አልተኛም ስትል በሩን ከፈት ዘጋ አደርግላታለሁ።»

የሺመቤት ራሷን ነቀነቀች። ተራቸው ደረሰ። ዳምጠው ልጁን ሚዛኑ ላይ አስተኛው፤ ነርሷ ወጋችው፤ መታሰቢያ ፊቱ እስኪጠቁር ጮኸ። ሚዛኑ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሺመቤት ተነሣች። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብላ ተናገረች።

«መታሰቢያ! እኔ ነኝ። እናትህ ነኝ፣ የኔ ጌታ። ወደኔ እይ።»

ያለቅሱ የነበሩት ሕፃናት ሁሉ ዝም አሉ፤ ሁሉም አንገታቸውን በአንድ ጊዜ አዞሩ። ያዩት ግን ሚዛኑን ነበር። መታሰቢያም ጉንጩን ወደ ብረቱ አዙሮ ድዱን አሳይቶ ሳቀ። እናቶቹም ሚዛኑን አዩ።

«ዛሬ ደግሞ ስም መጥራት ጀመረች» አለች ወይዘሮዋ ተደንቃ።

«እሷ ናት!» አለ ዳምጠው። «የተናገረችው እኮ ሚስቴ ናት፤ ድምፁ የእሷ ነው!»

ወይዘሮዋ ለሰው ችግር እንደሚታዘነው ፈገግ አለችለት፤ ልጇንም ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች። የሺመቤት ልጁን ከሚዛኑ አነሣችው። መታሰቢያ ማልቀስ ጀመረ፤ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ እየተንጠራራ እጁን ወደ ሚዛኑ ዘረጋ። አጥብቃ ያዘችው፤ ጮኸ፤ አሁንም አጥብቃ ያዘችው።

«ቀጣይ እናት» አለ ሚዛኑ፤ ልጁም ወዲያው ዝም አለ።